ያልደረቁ ኮከቦች

ኮከቡ ኢናስ ጣት ላይ ተጣበቀ። ቀስ ብላ ስታላቅቀው ማር የመሰለ ቀጭን ክር አብሮት ተሳበና ተበጠሰ። ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ደወል አነሳች። እሱም ያው ነው። ቀጥላ ያነሳችው ግመል ግን ደርቋል፤ እንደ ጠጠር ደርቋል።

«ኩኩ፣ ትናንት አጥበሻቸዋል አይደል?»

ኩኩ ግንባሯን የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ደፍታ ነበር። ቀና ሳትል መለሰች። «አጥቤያለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ፀሐይ ላይስ አስጥተሻቸዋል?»

«አቦ ኢናስ፣ ተይኝ እስቲ። አስጥቻለሁ።»

ኢናስ ጣቷን በሶፍት ጠረገች። እሷም ብትሆን ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። አባቷ አብዱልበሲጥ ከወሎ መጥተው ሰመራ ላይ የከፈቱት ካፌ የጅቡቲ መንገድ ዳር ነው። ወደ ገላፊ የሚወርዱት የከባድ መኪና ሾፌሮች ገና ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት መልስ ፉልና ሻይ ይፈልጋሉ። አስተናጋጇ ለበዓል አገሯ ስለገባች ሰሞኑን ብርጭቆ የምታጥበውም፣ ጠረጴዛ የምትወለውለውም ኢናስ ናት። ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ዓይኗ በራሱ ጊዜ ይከደናል።

ኮከቡንና ደወሉን ያወጣው ፕሪንተር ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ በስጦታ የመጣ ነው። እንደ ወረቀት ማተሚያ አይደለም። ሬዚን የሚሉት ወፍራም ፈሳሽ ገንዳው ውስጥ ይጨመራል፤ ከሥር የሚበራው ብርሃን ፈሳሹን በስስ በስሱ እያደረቀ፣ አንዱን ንብርብር በሌላው ላይ እየደረበ ዕቃ ያወጣል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ግን በቃ። ግማሽ ደወል ወይም እግር የሌለው ግመል ይዞ መቅረት ነው። ሰመራ ላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ማንንም አያስፈቅድም።

የገና ዛፍ ጌጥ እንሥራ ያለችው ኩኩ ነበረች። የሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል አንድ የፕላስቲክ ዛፍ እንደተሰጠው፣ የሚንጠለጠልበት ነገር ግን እንደሌለው ሰማች። ኮከቡን፣ ደወሉንና የገና ዱላውን ኮምፒውተር ላይ የነደፈችው እሷ ናት። ኢናስ ደግሞ ግመል ጨመረች። «በዓሉ የናንተ ነው፣ ግመሉ ግን የኔ» ብላ አስቃት ነበር ያኔ። ሁለቱም ገና ሳይደክሙ።

የፊዚክስ መምህራቸው ፍቅረማርያም አንድ ነገር ደጋግመው አስጠንቅቀዋቸዋል። «ከማሽኑ የወጣ ሁሉ ጥሬ ነው። ጓንት አድርጋችሁ በአልኮል ታጥባላችሁ፣ ታደርቃላችሁ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ታሰጣላችሁ። አለበለዚያ ቆዳ ይጎዳል። ሕፃን ልጅ አፉ ውስጥ ቢከተው ደግሞ…» አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ኢናስ አንድ ቀን ያለ ጓንት ነክታ የእጅ አንጓዋ ቀልቶና አብጦ ስታክ ስለሰነበተች የቀረውን ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

ሥራውን ተካፍለው ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ያጠበችው ኢናስ ናት፤ የመጨረሻው የኩኩ ድርሻ ነው። አሁን ሁሉም አንድ ካርቶን ውስጥ ተደባልቋል።

መምህር ፍቅረማርያም በበሩ ብቅ አሉ። «ባጃጁ ቆሞላችኋል። እኔ በሞተር እቀድማለሁ። በሉ፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው።»

«እሺ ቲቸር» አለች ኩኩ። ቀና ስትል ዓይኖቿ ደም መስለዋል።

ባጃጁ ውስጥ ካርቶኑን ኢናስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ሆስፒታሉ መታጠፊያ ደረሱ። ኩኩ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች፣ «አላጠብኳቸውም» አለች።

ኢናስ ዞራ አየቻት።

«አልኮሉ አልቆ ነበር። ሌላ ለማውጣት ቲቸርን መፈለግ ነበረብኝ። ሣህሌ ደግሞ በር ላይ ቆሞ እያለቀሰ ነው። በሶፍት ጠረግኳቸውና ካርቶኑ ውስጥ ከተትኳቸው።»

ሣህሌ የኩኩ ታናሽ ወንድም ነው። ከእሱ በታች ደግሞ አንዲት እህት አለች። እናታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ የልጆቹ አክስት ታማባቸው አዋሽ ከሄዱ ሰንብተዋል። «ዛሬ ነገ እመጣለሁ» ይላሉ በስልክ። እስከዚያው ልጆቹን የምታበላውም፣ የምታጥበውም፣ ትምህርት ቤት የምታመላልሰውም ኩኩ ናት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ኢናስ።

«ምን ልበልሽ? ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ። ቲቸር ክፍል ፊት አቁመው ያስጨበጨቡልኝ እኔ። ደከመኝ፣ ተውኩት ልበል?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ባክሽ፣ ዛሬን ብቻ። ከፍ አድርገን እንሰቅላቸዋለን፤ ማንም አይነካቸውም። ከበዓሉ በኋላ አውርደን እናጥባለን። እኔው አጥባለሁ፣ ሙች።»

ኢናስ ካርቶኑን አየች። ከፍ አድርጎ መስቀል የሚለው ነገር ደስ አላት። ሰቅሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ቤት ገብቶ መተኛት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ዛፉ ግን አጭር ነበር። ቁመቱ ከኢናስ ትከሻ አያልፍም፤ አንድ እግሩ ስለተጣመመም ካርቶን አስደግፈውታል። የሕፃናት ክፍሉ ነርስ ሲስተር ንጋትወርቅ ጥጥ እየበጣጠሰች ቅርንጫፎቹ ላይ ጣል ጣል አድርጋለች። በየአልጋው ያሉት ልጆች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ገናን የሚያከብረውም የማያከብረውም እኩል ይጠብቃል።

ማንጠልጠል ጀመሩ። ኩኩ ኮከብ ኮከቡን እየመረጠች ጫፍ ላይ ታደርጋለች። ጫፉ ወዲያው ሞላ፤ የቀረው ወደ ታች ወረደ።

ከአዳይቱ ከተማ ከእናቷ ጋር የመጣች ኑርሀያት የምትባል ትንሽ ልጅ ከአልጋዋ ወረደች። ለግሉኮስ የተሰካላት መርፌ በነጭ ፕላስተር እጇ ላይ ታሽጓል። በሌላኛው እጇ ከታችኛው ቅርንጫፍ አንድ ኮከብ ፈታችና ጉንጯ ላይ አስደገፈችው። እናቷ በአፋርኛ አንድ ነገር ብለው ሳቁ።

ኢናስ ወደ ኩኩ አየች። ኩኩም አየቻት፤ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ተይ፣ ማለቷ ነው።

«ትያዘው፣ አትከልክሏት» አለች ሲስተር ንጋትወርቅ። «ከመጣች ጥርሷን ያየሁት ዛሬ ነው።»

«ወደዚህ እዩ እስቲ» አሉ መምህር ፍቅረማርያም ስልካቸውን ደቅነው።

ልጅቷ ኮከቡን ከጉንጯ አንስታ ወደ አፏ ወሰደችው። ኢናስ ምን ጊዜ እንደተንበረከከች አላወቀችም። የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቅቃ ኮከቡን ወሰደችባት። ኑርሀያት ባዶ እጇን አየች፤ ከዚያ ክፍሉን በለቅሶ ሞላችው።

«ሲስተር፣ እጇንና ፊቷን በሳሙና እናጥባት» አለች ኢናስ። «ጌጦቹ አልደረቁም።»

መምህሩ ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልደረቁም ማለት? አጥባችኋል አይደል እንዴ?»

ኩኩ ወለሉን ታያለች። እኔ የኔን አጥቤያለሁ የሚለው ነገር ኢናስ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እውነትም ነው። ተናግራው ቤቷ መሄድ ትችላለች።

«አላጠብናቸውም፣ ቲቸር» አለች።

«ሁሉንም?»

«የታጠበውም ያልታጠበውም ተደባልቆ ተነካክቷል። መለየት አንችልም።»

ቢቆጧቸው ይሻል ነበር። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው ጓንት አውጥተው ለሁለቱም ሰጧቸውና «አውርዱ» አሉ ብቻ። ሲስተር ንጋትወርቅ ልጅቷን አቅፋ ወደ መታጠቢያው ወሰደቻት። እናትየው ከኋላ ሲከተሉ አንዴ ዞር ብለው ኢናስን አዩዋት። አሁን አይስቁም።

ዛፉ ጥጡን ብቻ ይዞ ቀረ። መምህር ፍቅረማርያም ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ። «አዲስ አልኮል ቢሮዬ አለ። ዛሬ ማጠብ የሚፈልግ ካለ ጥበቃውን ቁልፍ ይጠይቅ፤ እኔም ከስብሰባ ስወጣ መጥቼ አያለሁ። ካልሆነም ዛፉ እንዲሁ ይቆያል።» የሞተራቸው ድምፅ ራቀ።

ኢናስና ኩኩ ያመጣቸው ባጃጅ ውስጥ ተመልሰው ገቡ። ካርቶኑ አሁንም ኢናስ ጭን ላይ ነው።

«ለምን ‹አላጠብናቸውም› አልሽ?» አለች ኩኩ። «አንቺ አጥበሻል እኮ።»

«ደክሞኛል ኩኩ። አሁን አትጠይቂኝ።»

«ለቲቸር እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ንገሪያቸው።»

ኩኩ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። ኢናስ አላባበለቻትም። ግን አልተናደደችባትም፤ ለመናደድም ጉልበት ይጠይቃል። የራሷ ሥራም ከኩኩ ድርሻ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ እንደገና ሊታጠብ ነው። 

ካፌው አጠገብ ሲደርሱ መንገዱን ከባድ መኪናዎች ዘግተውት ነበር። ባጃጁ ቆመ። አባቷ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ጠረጴዛ ሲወለውሉ በመኪኖቹ መሀል ታዩ። ከጓዳው ጀርባ ያለው ፍራሿ ትዝ አላት።

«እህት፣ አንቺ እዚህ ነሽ አይደል?» አለ ሾፌሩ።

ኢናስ ሰማዩን አየች። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት፤ ዛሬ የታጠበ ዛሬ ይደርቃል። ስልኳን አውጥታ ደወለች። በረንዳው ላይ አባቷ ቀና ብለው ኪሳቸውን ሲዳብሱ ታያቸዋለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ትንሽ ልዘገይ ነው።»

«ኸይር ነው? በደህና?»

«ኸይር ነው። የምናጥበው ነገር አለ።» ስልኩን ዘጋችና ወደ ሾፌሩ ዞረች። «መጀመሪያ እሷ ቤት አድርሰን። ታናናሾቿን ይዘን ትምህርት ቤት እንሄዳለን።»

ኩኩ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ካርቶኑን ከኢናስ ጭን ላይ ወስዳ ራሷ ያዘችው።