ነገ የሚጠገን በር

ማለዳው እንደ ሌላው ማለዳ ነበር። በኢንተርኔት አስቤዛ መሸጥ ገና እንግዳ ነገር ስለሆነ መጋዘኑ ውስጥ የሚሠሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ባለቤቱ ቀድሞ ገባ። ታናሽ ወንድሙ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ትዕዛዝ ይጠብቅ ጀመር። ሁሉም «እታለም» የሚሏት መበለት የታዘዘውን ከየመደርደሪያው እየለቀመች ከረጢት ሞላች። ሾፌሩ ጭኖ ወጣ። ተመልሶ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ሲከፍት ባለቤቱን ከመደርደሪያው ሥር እንደተቀመጠ፣ ሞቶ አገኘው።

«አደጋ ነው» አለ ወንድምየው ለመርማሪው። «በሩ ራሱን ይዘጋል፤ ድምፅም አያሳልፍ። የውስጥ እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል። ስንገባ በሩን በሣጥን እናስደግፋለን፤ ዛሬ ረስቶት ነው።»

መርማሪው ከአፉ ይልቅ ዓይኑ የሚሠራ ሰው ነው። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አየ። ከሥራቸው ቀለሙ በጥፍር ተቧጭሯል፤ አንዳንዱ ጭረት ትኩስ ነው፣ አንዳንዱ ዝገት ይዟል።

«አሮጌው የማን ነው?»

ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። «የእታለም ባል። ዕቃ ተሸካሚያችን ነበር። እዚሁ ነው የሞተው።»

«ከዚያ ወዲህም አልተጠገነም?»

«ጌታው ሁልጊዜ ‹ነገ ይጠገናል› ይሉ ነበር። ነገ እንደሆነ ሄደው አይደርሱበት።»

መርማሪው ወደ መበለቷ ዞረ። «እርስዎስ ዛሬ እዚህ ገብተዋል?»

«አልገባሁም» አለች እታለም፣ ድንች ከመለየት ሳታርፍ።

«ወንድምህ ሲጠፋ አልፈለግኸውም?» አለው ወንድምየውን።

«ፈለግሁት እንጂ። ከወንዝ ማዶ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲመጣልን ላበስረው ዞርሁ፤ አጣሁት። ወጥቷል ብዬ ትዕዛዙን ለእታለም ሰጠኋት።»

ስልኩ ጮኸ። መርማሪው አነሳው።

«ተባረኩ ልጆቼ» አለች አንዲት ሴት። «ወንዝ ማዶ ነኝ። ዶሮ በኮምፒዩተር ይገዛል ሲሉኝ ስቄ ነበር። ይኸው ድንጋይ ሆኖ ደረሰልኝ፤ ቢላ እንኳ አልበሳው አለ።»

መርማሪው ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ሦስቱንም በማሸጊያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«በዚህ ቤት በረዶ የሆነ ዶሮ ከዚያ ክፍል ሌላ የት ይገኛል?»

«የትም» አለ ሾፌሩ።

«ትዕዛዙ ሲመጣ ባለቤቱ ጠፍቶ ነበር፤ ማለት ውስጥ ነበር። ዶሮው ግን ከዚያ በኋላ ወጥቷል። እንግዲህ በሩ ተከፍቷል። የከፈተው ሰው ደግሞ ከመደርደሪያው ሥር የተቀመጠውን ሳያይ ዶሮ ሊያነሳ አይችልም። አየና መልሶ ዘጋው።» ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ከረጢቱን ከማን ተቀበልክ?»

«ታስሮ፣ ከእታለም እጅ። እንቁላል ትሰብራላችሁ ብላ ሌላ ሰው አታስነካም» አለና ያለው ነገር ዘግይቶ ገባው።

እታለም እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«በሩን እኔ አልዘጋሁበትም። በገዛ እግሩ ነው የገባው። ዶሮ ላወጣ ስከፍት ተቀምጧል፤ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል። ‹እታለም፣ አንሺኝ፣ እጀታውን ዛሬውኑ አስጠግናለሁ› አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ዶሮውን አነሳሁ። ‹ነገ ይጠገናል› አልሁትና ዘጋሁት።»

ወንድምየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ዶሮውን ባትልኪው እኮ ማንም አያውቅብሽም ነበር።»

«ያዘዘችው ሴትዮ ምን አደረገችኝ?» አለች። ሽርጧን ፈትታ፣ አጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በማግሥቱም ትዕዛዝ መጣ። ወንድምየው ብቻውን ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞረ ከረጢት ሞላ። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ጋ ሲደርስ ሣጥኑን አስደግፎ ገባ። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ እጀታው አሁንም የለም።