ወንዝ ያልተሻገረው ጠርሙስ

የፍሪጁ መቆለፊያ ተገንጥሎ መሬት ወድቋል። ጠርሙሱ የለም።

ኢንስፔክተር ደርቤ ከደባርቅ ዳር ባለችው ጠባብ ቤተ ሙከራ ቆሞ ግንባሩን ያሻል። ከጠዋት ጀምሮ የሚሰማው ወሬ ስለ ወርቅ ብቻ ነው።

«ወርቅ አይደለም አልኩ እኮ!» አለች ተመራማሪዋ ዶክተር የትናየት። «መዳብ ነው። ከሌላ ነገር ጋር አዋሕደን፣ የካንሰር ሕዋስ እንዲገድል የሠራነው ዱቄት። ገና በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባሉ ሕዋሶች ነው የተሞከረው። አይጥ እንኳ አልቀመሰውም።»

«ሰው ቢቀምሰውስ?»

«ኩላሊቱን ይጨርሰዋል። ይሞታል።»

«ይሄን አሁን ነው የሚነግሩኝ?» ደርቤ ጮኸ። ሌባ ፍለጋው ነፍስ ማዳን ሆነበት።

በሩ ተበረገደ። ረዳቱ ሳጅን እንግዳው ወርቅ ሠሪውን ሳሊምን እየጎተተ ገባ። እንግዳው ሰው ለመያዝ አይታክትም፤ ችግሩ ሁልጊዜ የሚይዘው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

«ጌታዬ፣ መዳብማ ሱቄ ሞልቷል» አለ ሳሊም። «ዱቄቱን ምን ላደርገው?»

«ልቀቀው!»

ቀጥሎ የየትናየት ባልደረባ አለምነህ ቀረበ።

«ትናንት ተጣልታችኋል።»

«ስሜን ከጥናቱ አወጣች፤ ጮህኩባት። ግን የፍሪጁ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ለምን እሰብራለሁ?»

እውነቱን ነው። ደርቤ ተናደደ።

«የሌሊት ጥበቃውስ?»

«ይግዛው ሲነጋ ወጥቷል» አለ እንግዳው። «ቤቱ ከድልድዩ ማዶ፣ ያ የሚታየው ነው። ግን አልገባም። ወንዙን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ታይቷል። ወደ ጨነቅ ተራራ ሊሸሽ ነው፤ ልከተለው?»

ደርቤ ቀና አለ። «ቤቱ የታመመ ሰው አለ?»

«ሚስቱ አትጠገብ። ጡቷን ካንሰር ይዟታል። ሐኪሞቹ ዘግይተሻል ብለዋታል።»

«እንግዲያው አይሸሽም።» የደርቤ እናት ከባለ መድኃኒት የዛፍ ሥር ስታመጣ፣ መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ረክሶ ኃይሉን ያጣል ብላ ግማሽ ቀን ትዞር ነበር። «የወንዙን ምንጭ በላይ ዞሮ ቤቱ ይገባል። እኛ በድልድዩ እንቅደመው!»

ከየትናየት ጋር ድልድዩን ተሻግረው ሲደርሱ፣ አትጠገብ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ብዙም ሳይቆዩ ይግዛው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከዳገቱ ወረደ። ፖሊሶቹን ሲያይ ቆመ። ጠርሙሱን ከብብቱ አወጣ። አልተከፈተም።

«ዶክተር፣ ለእንግዶች ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ካንሰሩን ገደለው አላሉም?»

«በሳህን ላይ! ስንት ጊዜ ልናገር? ለሰው እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል!»

«እሷ ዓመታት የላትም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ደርቤ የሚቆጣው ሰው አጣ።

«እኔ ላይ ይሞክሩት» አለች አትጠገብ ቀስ ብላ። «መሞቴ ላይቀር።»

«አይሆንም፣ እህቴ። ከበሽታው ቀድሜ እኔ እገድልሻለሁ።» የትናየት ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

የፖሊስ መኪናዋ ስትመለስ ድልድዩ አፍ ላይ፣ እጁ በካቴና የታሰረው ይግዛው ከኋላ ወንበር ተንጠራራ።

«ዶክተር፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፤ መድኃኒቱን ወንዝ አያሻግሩት። ለእሷ ባይደርስ ለሌላው ይሁን።»

የትናየት ጠርሙሱን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለው ደርቤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መሪውን ምንጩን በላይ ወደሚዞረው ኮረኮንች መንገድ አዞረ።