አንዴ ብቻ የሚለምን ሰው

«ልብሽ በጣም ይመታል» አለኝ፣ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ እንደጠቀለለ።

«ደረጃ ወጥቼ ነው» አልኩት።

ክፍላችን ምድር ቤት ነበር! እሱም ያውቃል። ፈገግ አለ፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሰው አገር ነርስነት መማር ከጀመርኩ ወር አልሞላኝም። እሱ የአገሩ ልጅ ነው፤ ለልምምድ ያጣመሩኝ ከእሱ ጋር ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ብዪ፣ ይበቃናል።»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። «በሞቴ!» እስኪለኝ ጠበቅኩ። እሱ እቴ! «እሺ» ብሎ ብቻውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ሌላ ቀን ደግሞ «ቅዳሜ ወንዝ ዳር አብረን እንንሸራሸር?» አለኝ። በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ፦ «አይ... አላስቸግርህም።»

«እሺ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው እንኳ ከሩቅ ሆነ።

ለእህቴ ደውዬ አለቀስኩ። «ከልቡ ቢሆን ደግሞ ይለምንሽ ነበር። ተይው ባክሽ!» አለችኝ። አመንኳት።

ከዚያ ሆስፒታል ለልምምድ ወጣን። አንድ ሽማግሌ ታካሚን «ገላዎን ላጥብዎ?» ስላቸው እምቢ አሉ። «እባክዎ አባባ! ለእኔ ሲሉ!» እያልኩ ፎጣውን ይዤ ተጠጋሁ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ኃላፊዋ ነርስ እጄን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ።

«እምቢ ብለዋል እኮ! እዚህ ሰው እምቢ ካለ በኋላ መነዝነዝ ንቀት ነው።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ ያ ልጅ አልናቀኝም... አክብሮኝ ነው!

ልፈልገው ብወጣ፣ አንዲት የክፍላችን ልጅ «ለልምምድ ሌላ ከተማ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ዛሬ ሊሄድ ነው» አለችኝ። በሩጫ መናኸሪያ ደረስኩ። ሻንጣውን ይዞ ሊሳፈር ሲል አገኘሁት።

«ያን ቀን እምቢ ያልኩህ ጠልቼህ አይደለም» አልኩት እያለከለክኩ። «ስግደረደር ነው!»

«ምን ማለት ነው?»

«እኛ ጋ ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ጋባዡ ደግሞ ይለምነዋል። ቶሎ እሺ ማለት... ነውር ይመስለናል።»

«ምሳውስ?»

«ራብ ሊገድለኝ ነበር!»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እኔ እኮ ያስቀየምኩሽ መስሎኝ ነው የራቅኩት። አሁን ደግሜ ብጠይቅሽስ?»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ይሉኝታ ክፉ ነው፤ ያኔም አንገቴን ሊያስደፋኝ ታገለኝ።

«አትጠይቀኝ» አልኩት።

ፊቱ ጨለመ።

«አሁን ተራው የእኔ ነው። እወድሃለሁ! ቅዳሜ ና።»

ሻንጣውን መሬት ጥሎ አቀፈኝ። «እመጣለሁ» አለኝ በጆሮዬ። አውቶቡሱም ይዞት ሄደ።

እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቅዳሜ ቀድሞ ከአውቶቡሱ የወረደው እሱ ነበር። ሰው ሁሉ እያየን ሮጬ ተጠመጠምኩበት። ያ ልጅ ዛሬ ባሌ ነው።