መርዶው እስኪነገር

«ስሚው እስቲ!» አለችና ኡሙልኸይር ስልኳን እሌኒ ጆሮ ላይ ለጠፈችው።

«ኡሙዬ፣ አብሽሪ! ለዒድ እመጣለሁ። የጫማ ቁጥርሽን ላኪልኝ፤ ያንቺ እግር መቼም ማደጉን አያቆምም!» ይላል ወንድሟ ረመዳን ከሳውዲ በላከው የድምፅ መልእክት፣ እየሳቀ።

እሌኒ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ይህ የሚስቀው ልጅ ሞቷል። ከሚሠራበት ፎቅ ላይ ወድቆ፣ እዚያው ተቀብሯል። ትናንት ማታ ጓደኛው ለእሌኒ አባት ለአቶ አድማሴ ደውሎ ሲነግራቸው እሌኒ እራት እያቀረበች ነበር። በዚያ የመካነ ሰላም ሰፈር እስላም ክርስቲያን ሳይባል መርዶ የሚነገረው በአቶ አድማሴ በኩል ነው።

«የልጁ አባት ወግዲ ናቸው፣ ነገ ማታ ይገባሉ» ብለዋት ነበር። «በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሼሁ ጋር ሄደን እናረዳለን። እስከዚያ ቃል እንዳይወጣሽ። እናትየዋ ልባቸውን ያማቸዋል፤ በልጅ አፍ ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

መምህርት ሙሉሐረግ ክፍል ገቡና ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ተደበቀ። የስምንተኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ነው።

«በግብርና ማኅበረሰብ ወሬ በሰው እግር ይሄዳል፤ ማን ለማን እንደሚናገርም የታወቀ ነው» አሉ መምህርቷ። «በኢንዱስትሪ ማኅበረሰብ ግን ወሬው ሰውን ይቀድማል። እኛስ የትኞቹ ነን?»

«ሁለቱም ነን ቲቸር! አጎቴ በበሬ እያረሰ ቲክቶክ ያያል!» አለ ወንድዬ ከኋላ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሌኒ ብቻ አልሳቀችም። የረመዳን ሞት ባሕር አቋርጦ በስልክ በቅጽበት ደርሷል። አሁን ደግሞ አጥር ለአጥር የሚዋሰን ጎረቤት ለመግባት የሽማግሌ እግር እየጠበቀ ነው።

«እያንዳንዳችን ብዙ ሚና አለን» ቀጠሉ መምህርቷ። «አንዱ ሚና የሚያዘንን ሌላው ሲከለክለን የሚና ግጭት ይባላል። ምሳሌ?»

ኡሙልኸይር እጇን አወጣች። «እሌኒ የሽማግሌ ልጅ ናት፤ የእኔም ጓደኛ ናት። አባቷ ምስጢር ቢነግሯት ግን ለእኔ ትነግረኛለች። ስለዚህ ግጭት የለም!»

እንደገና ተሳቀ። እሌኒ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኡሙልኸይር መንገዱ መሀል ቆመች። «ምን ሆነሻል? ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔን ትሸሺያለሽ።»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«ወላሂ በይ።»

እሌኒ ክርስቲያን ብትሆንም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚማማሉት እንደዚያ ነው። አንድም ቀን በውሸት ብላው አታውቅም። አሁንም ከአፏ አልወጣ አለ።

«ተይው በቃ» አለችና ኡሙልኸይር ጥላት ሄደች።

እሌኒ እቤት ገብታ ተከናነበች። የረመዳን ሳቅ ግን ጋቢው ውስጥም ተከትሏት ገባ። አሞኛል ብላ ብትተኛ ማንም አይፈርድባትም። ነገ ከለቀስተኛው ጋር ተቀላቅላ ታለቅሳለች፤ ቀድማ ማወቋን ኡሙልኸይር መቼም አትሰማም። ይህ ሁሉ እንዴት ቀላል እንደሆነ ስታስበው ራሷን ጠላችው።

ሲመሽ ተነሥታ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ እነኡሙዬ ቤት ልደር?»

አቶ አድማሴ ቀና ብለው አዩዋት። «አፍሽን ትጠብቂያለሽ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ነገ ስንገባ እዚያ ካየችሽ፣ ታውቂ እንደነበር ይገባታል። ትቀየምሻለች እኮ፣ ልጄ።»

«ትቀየመኝ። ብቻዋን ሆና ከምትሰማው እኔን ትቀየመኝ።»

አባቷ ተነሥተው በሩን ከፈቱላት። «እንግዲያው ጋቢሽን ያዢ፤ ሌሊቱ ይበርዳል» አሏት።

ኡሙልኸይር በሩን ስትከፍት ኩርፊያዋ እዚያው ጠፋ። «ተሻለሽ እንዴ?» አለችና እየጎተተች አስገባቻት። የኡሙልኸይር አባት ከወግዲ ገብተው እራት ይበላሉ። እናትየዋ ለዒድ ስለሚታረደው በግ ያወራሉ። እሌኒ እንደምንም ጎረሰች።

ፍራሹ መሬት ላይ ሲነጠፍ፣ «እኔ በበሩ በኩል ልተኛ» አለች።

«ለምን? ጅብ ገብቶ እንዳይበላኝ ነው?» ኡሙልኸይር ሳቀች። ሳቋ ቁርጥ የወንድሟን ነው። «አብሽሪ፣ ማንም አይመጣም።»

እሌኒ ከበሩ በኩል ተኛች። ከጋቢው ሥር የጓደኛዋን እጅ ፈልጋ ያዘችው።