መቶ ሃያ በሰማንያ

ምንም አይሰማም። ተማሪዋ መብረቅ የልብ ማዳመጫውን ጫፍ በእትዬ ልብስ ሰፊዋ ክርን መታጠፊያ ላይ ከፍ አደረገችው፣ ዝቅ አደረገችው፣ ጫን አለችው። የምትሰማው የአዳራሹን ጫጫታና የራሷን ልብ ብቻ ነው።

«አንቺ፣ ቶሎ በይ እንጂ! ሰው ተኮለኮለ እኮ» አለቻት ጓደኛዋ ከጎን ጠረጴዛ።

እውነቷን ነው፤ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ወጥቷል። የከተማው ጤና ኮሌጅ ከትምህርት ቤታቸውና ከጤና ጣቢያው ጋር ተስማምቶ ተማሪዎቹን ቅዳሜ ቅዳሜ የደም ግፊት መለካት ሲያስተምር ከርሟል። ዛሬ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ክንዱን ሊያውሳቸው መጥቷል። የጤና ጣቢያው ሲስተር እጃቸውን አጣምረው በጠረጴዛዎቹ መሃል ይዘዋወራሉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለልምምድ የሚወስዱት አንድ ተማሪ ብቻ ነው።

እጅ አውጥቶ «አልሰማ አለኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ለመብረቅ ይከብዳል። ይህን ስም የክፍል ጓደኞቿ ያወጡላት ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ስለምትናገር ነው። ኮሌጅ ውስጥ ሲለማመዱም ሁሉም «ሰማሁ! ሰማሁ!» ሲሉ እሷም ሰማሁ ብላ አልፋለች። ታዲያ ዛሬ በምን አፏ አልሰማሁም ትበል?

«እህስ፣ ዶክተሬ?» አሉ እትዬ ፈገግ ብለው።

«መቶ ሃያ በሰማንያ» አለች። «ደህና ነዎት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እትዬ ተነስተው ግንባሯን ሳሟት። ቀጥለው ጋሼ ዘበኛው ተቀመጡ፤ ለእሳቸው ቁጥሩን ትንሽ ቀየር አድርጋ ሰጠቻቸው። ውሸት አንዴ መንገድ ከከፈቱለት ራሱ ይሮጣል። ሰልፉ ሲያልቅ ሲስተር ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ይቺን ቀልጣፋ እወስዳለሁ» አሉ፤ የኮሌጁ አስተማሪም አጨበጨቡ።

«ፏ አልሽ በቃ!» አለቻት ጓደኛዋ። መብረቅ ሳቀች፤ ማዳመጫውን ግን ቀና ብላ ሳታይ ጠቀለለችው።

ሰኞ እናቷ የተጠገነ ቀሚስ እንድታመጣ ወደ እትዬ ሱቅ ላከቻት።

«ዶክተሬ መጣች!» አሉ እትዬ፣ የስፌት መኪናውን ሳያቆሙ። ዓይናቸው ደም ለብሷል። «ዕድሜ ላንቺ፣ ከዚያ ክኒን ተገላገልኩ።»

«የቱ ክኒን?»

«የግፊቱ ነዋ! ስንት ዓመት እንደ ቆሎ የቃምኩት። ከቅዳሜ ወዲህ ዞር ብዬም አላየሁት። ዛሬ እንኳ ራሴን ትንሽ ያዞረኛል፣ ግን ግፊት እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ይሄ ክር ማስገባት ነው የሚያደክመኝ።»

መብረቅ ወደ ስፌት መኪናው ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ለማንኛውም... ክኒኑን ቢውጡት ይሻላል።»

«ሆሆ! ራስሽ ፈትተሽኝ ራስሽ ልታስሪኝ?» ብለው ሳቁ።

ቀሚሱን ተቀብላ መውጣት ትችላለች። ሲስተር ሌላ ጊዜ ይለኳቸው ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ከተናገረች ግን ልምምዱ አበቃ። ኮሌጁም ከእንግዲህ የትምህርት ቤቱን ልጆች አያምን ይሆናል፤ በእሷ ጦስ የጓደኛዋም ትምህርት ሊቀር ነው። ይህን ስታሰላ እትዬ ቀሚሱን ለማምጣት ግድግዳ ይዘው ተነሱ፤ እንዳይወድቁ ቆም አሉ። መብረቅ በዋሸችው አፍራ ነበር። አሁን እሳቸው እየተንገዳገዱ ስለ ልምምድ በማሰቧ የባሰ አፈረች።

«አልሰማሁም ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«የልብዎን ምት። ምንም አልሰማሁም። ቁጥሩን ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

እትዬ ቀሚሱን ትተው ነጠላቸውን አነሱ። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን በወደደች። እሳቸው ግን «ሱቁን ዝጊልኝ» ብቻ አሉ። መንገድ ላይ ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ እምቢ አላሉም። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ግን ዶክተሬ አላሏትም።

ሲስተር የእትዬን ግፊት ለክተው ፊታቸው ተለወጠ። ክኒን አስዋጧቸው፤ አልጋ ላይ አስተኟቸው። መብረቅ የሆነውን ስትነግራቸው አላቋረጧትም።

«ሌሎቹስ?» አሉ በመጨረሻ።

መብረቅ አንገቷን ደፋች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። «ሁሉንም።»

«ልምምዱን እርሺው። ለኮሌጁ ደግሞ ነገ እደውላለሁ፤ የሚሉትን ይበሉ። አሁን የጨነቀኝ ሰዎቹ ናቸው። ሁሉም እንደገና መለካት አለባቸው። ማንን ልላክባቸው?»

«ቤታቸውን አውቀዋለሁ» አለች መብረቅ። «እኔ እሄዳለሁ።»

«ምን ብለሽ ልትጠሪያቸው?»

መልሱን ከጤና ጣቢያው እስከ ጋሼ ዘበኛው በር ድረስ ስታስበው ሄደች። በሩ ላይ ደርሳ ልትመለስ ዳዳት፤ ከዚያ አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አሉ ጋሼ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቅዳሜ ሳልሰማ የለካሁዎት።»