የዘንጉ ቀኝ ጫፍ

«ኪዳኔ ሲወድቅ ልጅሽ የት ነበር?»

የወይንሐረግ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ጠያቂው ጋሽ ሀብተማርያም ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሳሉ የፖሊስ መርማሪ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጡ ወዲህ ባለታክሲ። ኪዳኔ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ይሠራበት በነበረው ፋብሪካ፣ የአሉሚኒየም ዕቃ ከሚነከርበት የኬሚካል ገንዳ አጠገብ ወድቆ፣ ራሱን ተመትቶ ደሙ ፈሶ ነበር የሞተው። ፖሊስ «አደጋ ነው» ብሎ ጉዳዩን ቢዘጋውም ሚስቱ ልሳነወርቅ አላመነችም፤ እሳቸውን ለምና አመጣቻቸው።

«እኔ ማሸጊያ ክፍል ነበርኩ፣ ጋሼ» አለች የወይንሐረግ። «ልጄ ብሩህ ሃይስኩል ጨርሶ እዚህ ሥራ ገና መግባቱ ነው፤ ምን ያውቃል? ይልቅ አለቃችንን፣ ክፍሉን ይጠይቁት። ጠዋት ከኪዳኔ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

የፈረቃው አለቃ ክፍሉ አልካደም። «ዕቃ እያበላሸ ነበር፤ ጮህኩበት። ሲወድቅ ግን ኦፊስ ነበርኩ። ስመጣ ብሩህ አምቡላንስ ኮል እያደረገ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ማን ያየኛል፣ ጋሼ? አሉሚኒየሙን ይጠይቁት!»

«እጠይቀዋለሁ» አሉና ወደ ገንዳው ሄዱ።

ኪዳኔ በወደቀ ቀን የተነከሩት፣ ሠራተኞቹ «ፓርት» የሚሏቸው የአውሮፕላን ዕቃዎች በረጅሙ ዘንግ ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። በግራ ጫፍ ያሉት ፈዛዛ ወርቃማ፣ በቀኝ ያሉት የጠቆሩ ቡናማ። በሁሉም ላይ ቢጫ መስመር ወርዶ ደርቋል።

«ቀለሙ ለምን ተለያየ?»

«ኬሚካሉ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል» አለ የተከተላቸው ክፍሉ። «ዘንጉን የሚያነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ብሩህ በግራ፣ ኪዳኔ በቀኝ።»

«መስመሩስ?»

«ወዲያው ውኃ ውስጥ ካልታጠበ እንዲህ ይዥጎረጎራል።»

ሀብተማርያም ልሳነወርቅንም ጨምረው ሁሉንም ገንዳው ዙሪያ ሰበሰቡ። ብሩህ ከእናቱ ጀርባ ቆመ።

«ፓርኪንግ ሎት ነበርኩ» አለ ሳይጠየቅ። «ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

«ስሙኝ» አሉ መርማሪው። «ማንም ባያነሳው ኖሮ ሁሉም ይጠቁር ነበር። ሁለት ሰው ቢያነሳው ቀለሙ እኩል ይሆን ነበር። ያነሳው አንድ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ዞሮ ቀኙን። በቀኝ በኩል ደግሞ ኪዳኔ ወድቋል። ተራምዶት ነው ያነሳው።»

የወይንሐረግ ወደ ክፍሉ ጣቷን ቀሰረች። «አላልኩም?»

«ክፍሉ ቢሆን ያጥበው ነበር፤ እጁ የለመደው ሥራ ነው። ይህን ያነሳው ሰው ማንሳት እንጂ ማጠብ ገና አልተማረም።»

ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ያን ጊዜ በሕይወት ነበር?» አለች ልሳነወርቅ፣ ብሩህን እያየች።

ብሩህ ግን ያየው እናቱን ነበር። «ማሚ፣ አንቺ ነሽ ያልሽኝ። ምንም ቢመጣ ፓርቱ እንዳይበላሽ፣ ሁለታችንንም ያባርሩናል አልሽኝ። ‹አንሳኝ፣ ልጄ› ሲለኝ ‹ዋን ሚኒት› አልኩት። ከዚያ ዝም አለ። ፈርቼ ወጣሁ፤ ተመልሼ ነው አምቡላንስ ኮል ያደረግሁት።»

ፖሊስ ጉዳዩን እንደገና አልከፈተውም። ክፍሉ ሥራውን ለቀቀ። ልሳነወርቅ ውድብሪጅ ከተማ እህቷ ዘንድ ገባች። ብሩህ ሲያትል ሄደ፤ ለእናቱ አይደውልም። የወይንሐረግ እዚያው ፋብሪካ ቀረች።