የጥቅስ ዕቁብ

ጳጉሜን ሦስት ቀን ጠዋት፣ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈው ዩኒቨርሲቲ መምህራን እንደ ወትሮው ዝናቡ እየደበደባቸው ለመመዘን ተሰልፈዋል። ሚዛነ ምሁሩ የከብት ሚዛን የመሰለ ሰፊ ብረት ነው። ሰው ሲወጣበት በዓለም ላይ የተጻፈውን ሁሉ በቅጽበት አገላብጦ፣ ማን እንደ ጠቀሰው፣ ከማን ጋር እንደ ሠራ ይቆጥርና ቁጥሩን አናቱ ላይ ያበራል። ከአርባ በታች የመዘነ መምህር የምርምር ቋቱ፣ የሰበሰበው መረጃ ሁሉ የተከማቸበት፣ ቀትር ላይ ይጠፋል፤ ቦታው ለከባዶቹ ይሰጣል።

የማኅበረሰብ ጥናት መምህሯ ዶክተር እጅጋየሁ ከፊቷ የቆሙት ሲንሾካሾኩ ትሰማለች።

«የነሐሴው ዕጣ ለማን ወጣ?»

«ለእኔ ነዋ! ሃያ ሁለታችሁም ጠቀሳችሁኝ። የመስከረሙ ተረኛ አንተ ነህ።»

«ለመሆኑ ስለ ምን ነበር የጻፍከው?»

«አይ አንተ! እኔስ መቼ አነበብኩት?»

ዕቁብ ነበር፤ የጥቅስ ዕቁብ። ሃያ ሦስት ሆነው በየወሩ አንዱን ተረኛ እየጠቀሱ ያወፍሩታል። ሰብሳቢው ዲኑ ፕሮፌሰር ኃይለልዑል ናቸው። እጅጋየሁን ሁለት ጊዜ ጋብዘዋት፣ ሁለቴም «ያላነበብኩትን አልጠቅስም» ብላ ፊት ነስታቸዋለች።

ተራዋ ደርሶ ወጣች። አናቷ ላይ ሰባት በራ።

«ይገርማል!» አሉ ዲኑ ከጃንጥላቸው ሥር። «ሠላሳ ዓመት ለፍተሽ ሰባት? የዶሮ ክብደት!»

እጅጋየሁ ደሟ ፈላ። ቋቷ ውስጥ ያለው የስድስት መቶ አርባ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ድምፅ ነው፤ ሰፈራቸው ፈርሶ ከመበተናቸው በፊት የቀዳችው። ግማሾቹ አርፈዋል። ያኔ መቅጃውን ስትከፍት ሴቶቹ ያሏት አንድ ነገር ነበር፦ «ስማችን ካልገባ አንናገርም።» እሷም ቃሏን ጠብቃ፣ በጻፈችው ሁሉ ላይ ስድስት መቶ አርባዎቹንም አብረው የጻፉ ብላ ዘርዝራለች።

«አብረውኝ የጻፉት የት ገቡ?» ብላ መዛኙ ላይ ጮኸች።

መዛኙ ኢንጂነር ጉልላት አቀረቀረ። «ወንፊቱ ነው፣ ዶክተር። የምሁር መለያ ቁጥር የሌለውን ሰው እንደ ገለባ ይጥለዋል።»

«ሰው ገለባ ነው? ንቀለው! ንቀልና መዝነኝ!»

«እንዳትነካው!» አሉ ዲኑ።

ወንፊቱ ግን ዝናብ ገብቶበት ይንጣጣ ነበር፤ ደንቡ ደግሞ «የረጠበ ወንፊት ተነቅሎ ይደርቃል» ይላል። በደንብ ላይ ዲኑም አያዙም። ጉልላት ነቀለው።

ሚዛኑ አቃሰተ። ወንፊቱ በመለያ ቁጥር ብቻ ያሳልፈው የነበረውን ባዶ ጥቅስ ትቶ፣ ለዓመታት ያፈነውን መቁጠር ጀመረ፦ በእውነት አብሮ የሠራን፣ በእውነትም ያነበበን ሰው። እጅጋየሁ አናት ላይ ስድስት መቶ አርባ ሰባት በራ።

«ተበላሽቷል! ይኸው ላሳያችሁ!» ብለው ዲኑ ብረቱ ላይ ዘለሉ። ሦስት መቶ አሥር በለመደው አናታቸው ላይ አንድ በራች።

ጉልላት ዝርዝሩን ከሚዛኑ መስታወት ላይ አነበበ፦ «አንባቢ፣ አንድ። ስም፣ ዶክተር እጅጋየሁ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ሃያ ሦስታችሁንም የማነባችሁ ለመናደድ ነው። በዚህች ምድር ላይ ያለቻችሁ አንባቢ እኔ ብቻ ነኝ፤ የእኔን ቋት ነው የምታጠፉት?»

የዕቁቡ አባላት እየተገፋፉ ወጡ። አንድ። አንድ። አንድ።

ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ቀትር ሳይደርስ የአርባው መስፈርት በሙሉ ድምፅ ተሻረ። የእሷን ስድስት መቶ አርባ ሰባት ማንም አላነሣም፤ የሴቶቹን ድምፅ ያተረፈው እውነት አልነበረም፤ ሃያ ሦስቱ ለየራሳቸው ቋት መፍራታቸው ነው። ይህ እጅጋየሁን ይብስ አንገበገባት።

በማግስቱ ደግሞ ማመልከቻ ደረሳት። ሃያ ሦስቱም በሸክላ ሠሪዎቹ ጥናት ላይ «በትብብር መንፈስ» ስማቸው አብረው ከጻፉት ጋር እንዲገባ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ፊርማ የዲኑ ነው። ልትቀደው ጫፉን ያዘችና ተወችው፤ መፍቀድም መከልከልም የእሷ ብቻ አይደለም። በሕይወት ያሉት ሴቶች ወደሚሠሩበት ሰፈር ይዛው ሄዳ፣ ቆማ አነበበችላቸው።

በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት እማማ ጠጂቱ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ እንደ ቆሙ አዳመጡ።

«እነዚህ ሰዎች የገዛ ስም የላቸውም እንዴ፣ ልጄ?»

«ስምስ አላቸው፣ እማማ። የሚጠራቸው ነው ያጡት።»

እማማ ጠጂቱ ለሸክላ የሚቦካውን ጭቃ ረገጥ ረገጥ አደረጉ።

«ወይ ጉድ፣ ያሳዝናሉ። በይ ይምጡ፤ ግን መጀመሪያ ጫማቸውን ያውልቁና ጭቃውን ይርገጡ።»